«ልጅ አላት፤ የማትረባ»

ሰዓዳ መሞቷን የነገሩኝ ደጄ ላይ ቆመው ነው። ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ታለቅሳለች፤ ሌላዋ እኔ ወሬውን ስሰማ ምን እንደምሆን ለማየት ዓይኗን አጥብባለች። «ኢና ሊላሂ» አልኩ። የመካነ ሰላም ክርስቲያን የሙስሊም ጎረቤቱን ሐዘን በጎረቤቱ ቃል መቀበል ያውቅበታል። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኳቸው። ዓይኗን ያጠበበችው ቅር ብሏት ነበር። ወይ እንባ ወይ ደስታ ጠብቃ ነው የመጣችው፤ አንዱንም አልሰጠኋትም።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። እንደ ወጉ ሁሉም ስለ ሟች ደግ ደጉን ያነሳል። አንድ ጎልማሳ፣ አባቱን በደንብ የማውቀው፣ «እትዬ ሰዓዳ እኮ ስለ ሰው ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም» አለ። «ወላሂ አታውቅም!» አሉ ዙሪያውን የተቀመጡት።

እኔ የቴምሩን ፍሬ መዳፌ ላይ ተፋሁ። ስለ እኔ ወጥቷታል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ቆሞ እየሰማ፣ የዚህ ጎልማሳ አባት ራሳቸው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው እየሳሉ፣ ወጥቷታል። ሟች እንደሚሞገስ አላጣሁትም። እኔም ስሞት «ሆደ ሰፊ ነበረች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ተነስቼ አላርማቸውም። ስለዚህ ሰው ሳይሞት በፊት የሚያውቀውን ቢጽፍ ይሻላል። ይህ ፍትሕ ነው እንጂ ቂም አይደለም። ቂም ነው የሚሉኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሰዓዳ ሥራ ስለ ሌላ ሰው መናገር ነበር። ሐሜት ማለቴ አይደለም፤ እሱም አልቀረባት። አማላጅ ነበረች። ባሏ ያባረራት ሴት፣ በድንበር የተጣላ ገበሬ፣ ዳኛ ፊት መቆም የፈራ፣ አጎቱን ያስቀየመ ጎረምሳ፣ ሁሉም ወደ እሷ ይሄዳል። እሷም ሻሿን ከግራ ጆሮዋ በላይ ቋጥራ ትነሳለች። የሻሹ ቋጠሮ ከኋላ ከሆነ ገበያ መሄዷ ነው። ወደ ግራ ከዞረ ግን ልታማልድ ነው፤ እኛም በመንገድ ስናያት «ዛሬ ደግሞ የማንን ጣጣ ይዛ ነው?» እንባባል ነበር።

ቢሮ በር ላይ ስትደርስ የጎማ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዛለች። «ይህ እኮ መስጊድ አይደለም፣ እትዬ ሰዓዳ» ቢሏት፣ «አውቃለሁ፤ ባዶ እግሩን የቆመን ሰው ግን ቶሎ ነው የምትሸኙት» ትላቸዋለች። ይሸኟት ነበር፤ የፈለገችውን ሰጥተው።

ቀጭን ነበረች፤ ድምጿ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ። ከመናገሯ በፊት ጉልበቷን በመዳፏ ትመታና ትንሽ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ ነበረች ሰውን የምታሸንፈው። የሚሰማት ሰው ምን ልትል ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ የምትለውን ስትለው ይቀለዋል። ስለ ራሷ ግን አንድም ነገር ስትጠይቅ ያየ የለም። «ስለ ራሴ ላወራ ስል ምላሴን ያሳክከኛል» ትል ነበር። ምላሷንም አውጥታ ታሳያለች፤ እከኩ የሚታይ ይመስል።

ውሸቷ ደግሞ ለጉድ ነው። ከወግዲ በኩል የመጡ ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ሚስቲቱ ሰዓዳ ቤት ተጠግታ ነበር። ሰዓዳ ወደ ባልየው ሄዳ «ሚስትህ ስታለቅስ ነው ያነጋችው፤ ዓይኗ ጠፋ» አለችው። ተመልሳ ለሚስቲቱ «ባልሽ እህል አልቀምስ ብሏል፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ» አለቻት። ሚስቲቱ ስታንኮራፋ ነበር ያደረችው፤ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ባልየውም ዘመድ ቤት ዶሮ ታርዶለት ሰንብቷል። ሁለቱም አዝነው፣ እርስ በርስ እየተያዩ እንዳልተጎዱ አይተው እንኳ እያዘኑ፣ አብረው ወደ አገራቸው ሄዱ።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ይህ ውሸት አይደለም?» አልኳት።

«ውሸት ነው እንጂ።»

«ኃጢአትስ አይደለም?»

«ነው። እኔ ላይ ይጻፍ፤ እነሱ ይታረቁ። አንቺ ምን ቸገረሽ?»

የቸገረኝ ነገር ነበር። ወንፊታችንን ተውሳ አልመለሰችም። በእናቴ ፊት ግን ይህን ማንሳት አይቻልም። እናቴ፣ እመት አስካለ፣ ወንፊት የሚጠየቅበት ቤት እመቤት አልነበረችም። አባቴ በሕይወት እያለ በቤታችን ያለፈ መንገደኛ ሳይበላ አይሄድም ነበር። አባቴ ሞተ፣ መንገደኛውም መንገዱን ቀየረ፤ እናቴ ግን በሩን እንደ ድሮው ከፍታ ትቀመጥ ነበር።

እኔ ደግሞ ወረኢሉ አጎቴ ዘንድ ሆኜ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የተመለስኩ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያለኝ ልጅ ነበርኩ። በመካነ ሰላም ድንጋይ ላይ በዚያ ጫማ መሄድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰዓዳ አንድ ቀን ገበያ መሐል አየችኝና፣ «ጥሩዬ፣ እንዲህ ሆነሽ ዝናብ ቢመጣ እዚያው ተተክለሽ ትበቅያለሽ» አለችኝ። ሰው ሳቀ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለብዙ ዘመን «ተክሏ» ነበርኩ።

ዝናቡ ግን አልመጣም። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ቀረ። የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው፤ ያኔ ግን ማንም ሊያበቃ ነው ብሎ አላሰበም። ሰው በሬውን ሸጠ፣ ከዚያ ሞፈሩን ለማገዶ ፈለጠ። ስለ ረሃቡ የሰማ የሚመስል አልነበረም። በመጨረሻ ግን መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብና ጧሪ ለሌለው ሽማግሌ የሚሰጥ ስንዴ ላከ ተባለ። ስንዴውን ከጫነው መኪና ጋር አንድ ኃላፊ ከደሴ መጣ። ጸሐፊ ሲፈልግም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ተወደደ። የእኔ ተስፋ ከእጅ ጽሑፌ አልፎ ሌላም ነገር እንዲወደድ ነበር፤ ሰውዬው ባለ ክራቫት ነው፣ ያላገባ ነው ተብሏል። እሱ ግን በቆየበት ጊዜ ሁሉ ቀና ብሎ ያየኝ መስመር ሳጣምም ብቻ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር። እህል የሚፈልግ ሰው ራሱ መጥቶ፣ ችግሩን በራሱ አፍ ይናገራል። ደሞዝተኛ ልጅ ያለው ደግሞ ልጁ ይጡረው ተብሎ አያገኝም። ደሴ ቁጭ ብለው ሲያወጡት ጥሩ ደንብ ሳይመስላቸው አልቀረም።

የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌና አሮጊቱ ሜዳውን ሞላው። ያላቸውን ልብስ አጥበው ለብሰው ነው የመጡት፤ መንግሥት ፊት አድፎ አይቀረብም። ጋቢ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ መጥቷል። መጀመሪያ የተጠሩት አባ ይማም ናቸው፤ ጺማቸውን አበጥረው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። ቤታቸው ምን እንዳለ አገር ያውቃል። ምንም።

«አባባ፣ ምን ቸግሮዎት ነው?» አለ የደሴው ሰው።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ይቸግረኛል?»

«ማለቴ፣ ቤትዎ ምን ጎድሏል?»

«ኧረ ምን ጎድሎ! አላህ የሰጠው ሞልቷል።»

«የሚበሉት አለ?»

«ውይ የኔ ልጅ፣ ጠፍቶ ያውቃል? እንዲያውም እንግዳ ነህና፣ ጎራ ብለህ እጅህን ብትታጠብልኝ ደስታዬ ነበር።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ምንም አልጎደለበትም በዪ» አለኝ። ጻፍኩ። «ታዲያ አባባ፣ ለምን መጡ?»

«መንግሥት ጠራ ተባለ። ጥሪ ይቀራል?»

ቀጥለው የተጠሩት እማማ ውባለም ናቸው፤ የአባ ይማም ጎረቤት፣ ማዕተብ ያሰሩ መበለት። «ተመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው» አሉ። ሲናገሩ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ያው ነው፤ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ ተመስገን። አንድ ሽማግሌማ «አንቱስ እንዴት ናችሁ? ከስተዋል» ብለው ሰውዬውን አስተዛዘኑት። እስከ እኩለ ቀን ድረስ የተራበ ሰው አልተገኘም።

እኔ ነገሩ ጠፍቶኝ ነበር? አልጠፋኝም። የዚህ አገር ልጅ ነኝ። «ቸገረኝ» ማለት ፈጣሪን መክሰስ፣ ደግሞም ዘመድን ማሰደብ እንደሆነ እናቴ ከጡቷ ጋር ነው ያጠባችኝ። ግን ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። እኔ ራሴ በየቀኑ «ምንም አልጎደለብንም» እያልኩ የምውል ሰው ለሌላው ምኑን ላስረዳ?

የደሴው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ። «ይህ አገር አልተራበም። መኪናው አይራገፍ፤ ነገ ወደ ደጎሎ ይዞራል» አለ። ማንም «ኧረ ርቦናል» አላለም። ለማለት የከፈተው አፍ እንኳ አልነበረም። አባ ይማም «መንገዱን ያቅናላችሁ» ብለው መረቁት።

ያን ጊዜ ነው ሰዓዳ ከመሐል የወጣችው፤ ሻሿ ወደ ግራ፣ ጫማዋ በእጇ። ጉልበቷን መታች። ዝም አለች። ሰውዬው «ምንድን ነው?» አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጌታው። ደሴ ቤትዎ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«እናትዎስ?»

«ደህና ናት።»

«አንቱስ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«እኔም ደህና ነኝ። ወደ ጉዳይሽ ግቢ።»

«ጉንጭዎ እኮ እንደ ዳቦ አብጧል!»

እውነት ነበር። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን አሞት፣ ቀኝ ጉንጩ ተነፍቶ፣ መሀረብ ይዞበት ነው የሚውለው። ሜዳው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው መሀረቡን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው።

«እንግዲህ ከኛው ናችሁ» አለች ሰዓዳ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኛም ደህና ነን። አባ ይማምን ስለ አባ ይማም አይጠይቋቸው። ስለ እማማ ውባለም ይጠይቋቸው። ያን ጊዜ ብዕር አይበቃችሁም።»

ጉንጩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቁጭ አለና «አባባ፣ ይመለሱ እስቲ። የጎረቤትዎ የእማማ ውባለም ቤት እንዴት ነው?» አለ።

አባ ይማም ሌላ ሰው ሆኑ። «እሷማ! ኧረ በአላህ፣ እሷማ አትነሳ! ድስቷ ተገልብጦ ሸረሪት ጎጆ ቀልሶበታል። ጎመን ዘር ስትለቅም አይደል ያገኘኋት? ሌሊት ስትቃትት በግድግዳው ይሰማኛል።»

«ማን ነው የሚቃትተው?» አሉ እማማ ውባለም ከኋላ። «እኔ ነኝ? አንቱ አይደላችሁም እንዴ ቀበቶ ቀቅላችሁ የጠጣችሁ? ጻፍ ልጄ! ይማም የሚባለው ሰው ቆዳ ነው የበላው! መረቁን ቅመሺ ብሎ ለኔም ልኮልኛል!»

«ደግ አደረግሁ፤ ባልልክልሽ ዛሬ ቆመሽ ትሰድቢኝ ነበር?»

ከዚያ ማን ያስቁመው። ሸኹ ስለ ዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ ስለ ሸኹ፣ ምራት ስለ አማት፣ ተኳርፈው የኖሩ ጎረቤታሞች እንኳ አንዱ ስለ ሌላው። በስድብ መልክ ነው የሚናገሩት፤ የሌላውን ጓዳ እየገለጡ፣ እየተቆጡ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ። ስለ ራሱ አንድ ሰው አልተናገረም። መኪናው ተራገፈ። ለጎረቤቱ የመሰከረ ሁሉ በጎረቤቱ ምስክርነት ስንዴውን ተሸክሞ ገባ። በኋላ የደሴው ሰው ይህን አጠያየቅ የራሱ ዘዴ አድርጎ እንደተመሰገነበት ሰምቻለሁ። ለዚህ ግን እኔ አላኮርፍም፤ የማኮርፍበት ሌላ በቂ ነገር አለኝ።

እንግዲህ እሱን ልናገር። ያን ሰሞን እኛ ቤት የሚበላ አልነበረም። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ ደሞዜ ግን ከደሴ ተልኳል ይባላል እንጂ አይደርስም። ጠዋት ስወጣ እናቴ ያቺኑ የመጨረሻ የገብስ ቆሎ በእፍኟ ትዘረጋልኛለች። «ቢሮ ይሰጡናል፣ አንቺ ብዪው» እላለሁ። ማታ ስገባ ቆሎው እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። «እኔ ቅድም ቀመስኩ፤ ይሄ ያንቺ ነው» ትለኛለች። እንዲህ እየተባባልን ቆሎው ራሱ አረጀ። እሷ እንደማትበላ አውቅ ነበር። የእኔን ግን አታውቅም ብዬ ነበር የማምነው፤ ስዋሽ ጎበዝ ነኝ የሚል ግምት ነበረኝ።

ቀኑን ሙሉ በስንዴ ጆንያ ተከብቤ እውላለሁ። ሽታው ራሱ ያሰክር ነበር። ከጆንያ ያመለጠች ፍሬ መሬት ላይ ሳይ በጫማዬ እረግጥባታለሁ፤ እንዳላያት። እጄን ሰድጄ እፍኝ መዝገን ማን ይከለክለኝ ነበር? ማንም። የእመት አስካለ ልጅ መሆኔ እንጂ። ኩራት በባዶ ሆድ ላይ ጫማ አድርጎ ሲሄድ ማየት የፈለገ ያን ጊዜ እኔን ማየት ነበረበት። አንድ ቀን ከወንበር ስነሳ ዞሮብኝ ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ የደሴው ሰው «ጠረጴዛውን አትነቅንቂው» አለኝ።

እደላው ሊያበቃ ሲል፣ መኪናው ሊሄድ ሞተሩ እየሞቀ፣ ሰዓዳ መጣች። ቋጠሮዋ ወደ ግራ፣ ጫማዋ በእጇ፤ ከኋላዋ ግን የምታማልድለት ሰው የለም። ሜዳው ላይ ስንዴ የተቀበሉት ሽማግሌዎች ጆንያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ደግሞ የማንን ይዘሽ ነው?» አለ የደሴው ሰው። ጥርሱን አስነቅሎ ደስ ብሎታል።

ጉልበቷን መታች። «አንድ ቤት ቀርቷል፣ ጌታው።»

«የማን?»

«የእመት አስካለ።»

ብዕሬ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። ቀለሙ ተስፋፋ። ሰውዬው ስም እንጂ ሰው አያውቅም፤ «ጻፊ እንጂ» አለኝ። ጻፍኩ። የእናቴን ስም ከችግረኞች መሐል በገዛ እጄ ጻፍኩ።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«ጢስ ከወጣበት ሰነበተ። ምድጃው ላይ ድመት ነው የሚተኛው።»

«ጎረቤት ነሽ?»

«አጥር ነው የሚለየን።»

«ልጅ አላት? ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ደሞዝተኛ ልጅ ካላት አይሆንም።»

ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አባ ይማም መሳል ጀመሩ፤ ሳል አልነበራቸውም። እማማ ውባለም ጆንያቸውን ፈተው እንደገና አሰሩት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከደሴው ሰው በስተቀር የማያውቅ አልነበረም። እኔ ሰዓዳን አየኋት። እሷ እኔን አላየችም።

«ልጅ አላት» አለች። «ሴት ናት።»

«ደሞዝ አላት?»

«ልጅ አላት፤ የማትረባ። ለእናቷ እፍኝ ጥሬ አስገብታ አታውቅም። እንዳልተወለደች ቁጠሯት።»

«እንዲህ ያለች ልጅ ከምትኖር…» ብሎ ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳላበላሽበት እየተጠነቀቀ፣ «ጻፊ። ልጅ አላት፤ የማትረባ» አለኝ።

ጻፍኩት። ባማረ እጅ ጽሑፌ፣ መስመር ሳላጣምም። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ማለት። ስንዴው እዚያው ይቀር ነበር፤ ውርደቱም። ስለ ስንዴው አስቤ ዝም አልኩ ብል ደግ ልጅ እባል ነበር፤ ግን አይደለም። «የማትረባዋ እኔ ነኝ» ብሎ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ካለ ይምጣና ልየው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። ስንዴው በጎረምሳ ትከሻ ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ ሰፌድ ይዛ ጠጠር ትለቅማለች፤ ድመቱ ምድጃውን ተነጥቆ ጥግ ላይ አኩርፏል፤ ድስት ላይ ንፍሮ ይንተከተካል።

«እማዬ፣ ያቺ ሴት አዋረደችን!»

«የቷ ሴት?»

«ሰዓዳ! አገር እየሰማ! ጓዳችንን ገልጣ! ማን ነገራት? ማን ጢስ ቆጥሮ ነገራት?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«አንቺ? አንቺ ሄደሽ ‹ራበኝ› ብለሽ…»

«አፍሽን!» አለች፤ ሰፌዱን አስቀምጣ። «ስለ ራሴ ‹ራበኝ› የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፤ አይወጣምም። ስላንቺ ነው የነገርኳት። ‹ልጄ ስንዴ ስታድል ውላ ባዶ ሆዷን ትገባለች። ቢሮ በላሁ ትለኛለች፤ ቢሮ ደግሞ ከቀለም በቀር የሚላስ የለም። ዛሬ ስትወጣ አጥሩን ይዛ ቆማ አየኋት› አልኳት። እሷ ናት ለቤቱ ሲጠየቅ በናትየው ስም ይሻላል፣ ልጅቱ ወጣት ናት፣ ስሟ አይነሳ ያለችው።»

የቀረኝን ይዤ ተከራከርኩ። «እሺ፤ ‹የማትረባ› የሚለውን ታዲያ ምን አመጣው? እንዳልተወለደች ቁጠሯት የሚለውንስ?»

እናቴ ሰፌዱን አንስታ ስንዴውን ከፍ አድርጋ አንገዋለለችው። ወደ እኔ አላየችም።

«እሱም የኔ ነው» አለች። «ሰዓዳማ ‹ጎበዝ ልጅ አላት፣ ደሞዟ ግን አልደረሰም ልበል› ነበር ያለችኝ። እኔ ግን እንዲያ ካልሽ ተነስታ ‹አቤት፣ እኔ ነኝ› ትላለች፤ ደንቡንም ታነብላቸዋለች፤ ልጄን አውቃታለሁ አልኳት። የማትረባ በያት፤ ያን ጊዜ ትንፍሽ አትልም። ወዳው እንዳይመስልሽ። ‹ስለ ልጅ ክፉ አላወራም› ብላ እንቢ ብላኝ ነበር። ስንት ነገር ብዬ መሰለሽ እሺ ያሰኘኋት!»

እናትን ማኩረፍ አይቻልም፤ በተለይ ድስት ላይ እያለች። ሰዓዳን ማኩረፍ ግን ይቻል ነበር፤ አጥር ነው የሚለየን። አኮረፍኳት፤ በዚያው ቀረሁ። ንጉሡ ወረዱ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ወረዱ፤ እኔ አልወረድኩም። በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር ቀድማ «ጥሩዬ፣ ደህና ዋልሽ?» ትለኛለች፤ እኔ ማዶ ማዶውን እያየሁ «ደህና» እላለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ቤታችን ከማንም ቀድማ መጥታ ከማንም በኋላ ነው የወጣችው። ያኔም ማዶ ማዶውን አየሁ፤ ቤት ውስጥ ሆነን ስለነበር ያየሁት ግድግዳ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ይሰለቻትና «ኧረ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ናት እኮ ያስባለችኝ» ትለኛለች፤ እኔም ቀና ብዬ «አውቃለሁ» እላታለሁ። መልሱን አዘጋጅቼ፣ አቆይቼው ነበር። የምናወራው ከዚያ በኋላ ነበር። እሷ ግን አላለችም። ራሷን ለማዳን እንኳ ስለ ራሷ አልተናገረችም። መልሴን እንደያዝኩ ሞተችብኝ፤ ይህንን ከወንፊቱ በላይ ነው የምቆጥርባት።

ስንዴው የገባ ቀን ግን እናቴ ንፍሮውን አወጣች። አንዳችን ሌላችንን «ብዪ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ሳንባባል፣ ሁለታችንም በሁለት እጃችን በላን። ስንጨርስ ኩርፊያዬ ትዝ አለኝ።

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

«ለሰዓዳ ንገሪያት» አለች እናቴ።